ዓሣው ወደ ውኃው፣ ፎቶው ወደ ዳኛው፦ የፖቶማክ ካያክ ዓሣ አስጋሪዎች የውድድር ዘመን

የአሜሪካን ዋና ከተማ ዋሽንግተን ዲሲን ከቨርጂኒያ ግዛት የሚለየው የፖቶማክ ወንዝ ከማርች እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት በአንዳንድ ቅዳሜዎች ለየት ያሉ እንግዶችን ያስተናግዳል። ጎሕ ሳይቀድ መኪኖች ወደ ዳርቻው እየተጠጉ ካያክ የተባሉትን ጠባብ ጀልባዎች ያወርዳሉ፤ በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ አንድ ሰው ብቻ፣ በርካታ የማስገሪያ ዘንጎችን ከኋላው ደርድሮ ይቀመጣል። የተወሰነው ሰዓት ሲደርስ በየአቅጣጫው ይበታተናሉ፤ ከቀትር በኋላ ተመልሰው ሲሰበሰቡ አሸናፊው ይታወቃል፣ ሽልማትም ይሰጣል። በዳርቻው ላይ ግን አንድም ዓሣ አይታይም። የተያዘው ዓሣ ሁሉ በዚያው በተያዘበት ስፍራ፣ በሕይወት እንዳለ ወደ ውኃው ተመልሷል። ለዳኞች የደረሳቸው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

«ያዝ፣ ፎቶ አንሣ፣ ልቀቅ» በሚል ደንብ የሚመራው ይህ ስፖርት በአሜሪካ ልዩ ልዩ ክልሎች በተቋቋሙ አነስተኛ ክለቦች አማካይነት የተስፋፋ ነው። ለአማርኛ አንባቢያን ነገሩ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙዎቹ የሰፈሩት በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በመሰል ከተሞች ነው። ከእነርሱ መካከል በየዕለቱ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ሥራ የሚገባው ጥቂት አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አንባቢያንም ካያክን በማንግሮቭ ዛፎች መካከል ሲቀዘፍ ሳታዩት አልቀራችሁም። ጀልባው መጀመሪያ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢንዊት ሕዝቦች በእንስሳት ቆዳ ለብጠው ለአደን ይገለገሉበት የነበረ ሲሆን፣ ስሙም ከእነርሱው ቋንቋ የመጣ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የደንገል ታንኳ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው የካያክን ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም፤ ሁለቱም ጠባብ፣ ቀላልና ከውኃው ወለል እምብዛም ከፍ የማይሉ ናቸው። ልዩነቱ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ፣ የዛሬው ካያክ ግን ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ መሆኑ ነው።

ስለ ዓሣው ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው ገበያዎች «ሲባስ» ተብሎ፣ በዐረብኛም «ቃሩስ» በሚል ስም የሚሸጠው የባሕር ዓሣ ከዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ጋር የስም ዝምድና እንጂ የሥጋ ዝምድና የለውም። አሜሪካኖቹ የሚወዳደሩበት ባስ የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ሲሆን ሁለት ታዋቂ ዓይነቶች አሉት፤ በአማርኛ አፈ ሰፊውና አፈ ጠባቡ ልንላቸው እንችላለን። አፉ ሲዘጋ የመንጋጋው ጫፍ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ አፈ ሰፊ፣ ከዓይኑ ካላለፈ አፈ ጠባብ ነው። አፈ ሰፊው ዝግ ባለ ውኃ ውስጥ በሣርና በወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ የሚያጠቃ አዳኝ ነው፤ አፈ ጠባቡ ቀዝቃዛና ፈሳሽ ውኃን፣ ድንጋያማ መሬትንም ይመርጣል። ከዓለም ሁሉ በክብደቱ የተመዘገበው አፈ ሰፊ ባስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ ግዛት የተያዘው 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም 10 ኪሎ ግራም ያህል የመዘነው ነው። ይህን ክብረ ወሰን የተጋራ ዓሣ የተገኘው ከ77 ዓመታት በኋላ፣ በ2009 በጃፓኑ የቢዋ ሐይቅ ነበር። በፖቶማክ እንዲህ ያለውን ግዙፍ ማንም አይጠብቅም።

የሚገርመው ባስ ለፖቶማክ እንግዳ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ሰላሳ ያህል አፈ ጠባብ ባሶች ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ ተይዘው፣ በተበሳሳ ባልዲ ውስጥ ሆነው፣ የባቡሩ ሞተር ውኃ በሚይዝበት ጋን ውስጥ ተንጠልጥለው ተራራውን ከተሻገሩ በኋላ በሜሪላንድ ግዛት ከምበርላንድ ከተማ ተለቀቁ። ከዚያ ተነሥተው በወንዙ ተራቡ። አፈ ሰፊውም ቢሆን ኋላ የመጣ ነው። እንግዳው ግን የወንዙን ክፉ ዘመን አብሮ ማየት ነበረበት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፖቶማክ የከተማ ፍሳሽ ማስወገጃ ሆኖ ነበር፤ በውኃው ውስጥ ይበቅል የነበረው ሣር ጠፋ፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም በ1965 ወንዙን የአገር ኃፍረት ሲሉ ጠሩት። በ1972 የወጣው የንጹሕ ውኃ ሕግና በዋሽንግተኑ የብሉ ፕሌይንስ ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ የተደረገው ከፍተኛ ማሻሻያ ውኃውን ቀስ በቀስ አጠሩት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሃይድሪላ የተባለ የእስያ የውኃ ሣር በወንዙ ውስጥ ታየ። ባለሥልጣናቱ እንደ መጤ አረም ፈሩት፤ ለባሱ ግን መደበቂያ፣ ለጫጩቶቹም መጠለያ ሆነለት። የዛሬዎቹ ተወዳዳሪዎች የሚፎካከሩበት ዓሣ ከዚያ ሣር ጋር አብሮ የበዛ ነው።

ከክብደት ወደ ርዝመት

የባስ ውድድር ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው ሬይ ስኮት በተባለ የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ አማካይነት ነው። ስኮት እ.ኤ.አ. በጁን 1967 በአርካንሳስ ግዛት በቢቨር ሐይቅ ላይ 106 አስጋሪዎችን ሰብስቦ ያካሄደው ውድድር ለስፖርቱ መነሻ ሆነ። በዚያ ዘመን የተያዘው ዓሣ ሞቶ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ለሚዛን ይቀርብ ነበር። በ1972 ስኮት ዓሣው በጀልባው ውስጥ ባለ የውኃ ጋን በሕይወት እንዲቆይና ከተመዘነ በኋላ እንዲለቀቅ የሚያበረታታ ዘመቻ ጀመረ። ይህ በጊዜው ትልቅ ለውጥ ነበር።

ነገር ግን ችግሩ ሁሉ አልተፈታም። ጠዋት የተያዘ ዓሣ ለሰዓታት በጠባብ ጋን ውስጥ ይቆያል፣ በፈጣን ጀልባ ይንገላታል፣ በከረጢት ይወሰዳል፣ ይመዘናል፤ በመጨረሻም ከተያዘበት ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በወደቡ አጠገብ ይለቀቃል። የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ በመሆኑ በበጋ ከእነዚህ መካከል ከቀናት በኋላ የሚሞቱ አሉ። ሞታቸው የሚመጣው ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ ስለሆነ ለሕዝብ ዓይን አይታይም።

ካያክ የመጣው ይህን ችግር ለመፍታት ታስቦ አይደለም። በእንዲህ ያለ ትንሽ ጀልባ ላይ አምስት ትልልቅ ዓሣዎችን በሕይወት የሚያቆይ ጋን መጫን አስቸጋሪ በመሆኑ ብቻ ተወዳዳሪዎቹ ሌላ መለኪያ መፈለግ ነበረባቸው። ክብደትን ትተው ርዝመትን፣ ሚዛንን ትተው ፎቶግራፍን መረጡ። ከችግር የተወለደው ዘዴ ለዓሣው ሕይወት ከቀድሞው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የሬይ ስኮት ድርጅት የነበረው ባስማስተርም እ.ኤ.አ. በ2020 የራሱን የካያክ ውድድር ጀምሯል። ከዚያ አስቀድሞም «ካያክ ባስ ፊሺንግ» የተባለው ድርጅት አገር አቀፍ ሻምፒዮና ያካሂድ ነበር። ከእነዚህ ሥር፣ በየወንዙና በየሐይቁ ዙሪያ፣ የየክልሉ ክለቦች ይገኛሉ። የስፖርቱ እውነተኛ ሕይወት ያለው፣ በእኛ ግምት፣ ከእነዚህ ክለቦች ዘንድ ነው።

አንድ የውድድር ቀን

ተወዳዳሪው ለክለቡ መጠነኛ የመመዝገቢያ ክፍያ ይከፍላል። በውድድሩ ዋዜማ ማምሻውን ወይም በዕለቱ ማለዳ ደግሞ ለሁሉም አንድ የምስጢር መለያ ይላካል። ይህ መለያ በወረቀት ተጽፎ ወይም ታትሞ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ በግልጽ መታየት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መለያው ከዚያ ቀደም ስለማይታወቅ ባለፈው ሳምንት የተነሣ ፎቶ ለዛሬ ሊቀርብ አይችልም።

ዓሣው ሲያዝ ተወዳዳሪው ከፊቱ ባለው መለኪያ ሰሌዳ ላይ ያጋድመዋል። ሰሌዳው በአንዱ ጫፍ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው፣ ኢንቾቹ በጉልህ የተጻፉበት ረጅም ገበታ ነው። የዓሣው አፍ ተዘግቶ ግድግዳውን መንካት፣ ራሱም በደንቡ በታዘዘው አቅጣጫ መዞር አለበት። እጅ ዓይኑን ወይም የጅራቱን ጫፍ መሸፈን የለበትም። ርዝመቱ የሚነበበው በሩብ ኢንች ሲሆን፣ ጅራቱ ከመሥመሩ ትንሽ ከጎደለ ወደ ታችኛው ሩብ ይወርዳል። አፉ ከተከፈተ ወይም ከግድግዳው ከራቀ ዳኛው ከርዝመቱ ይቀንሳል፤ መለያው ካልታየ ፎቶው ጨርሶ ሊሰረዝ ይችላል። እርጥብና የሚወራጭ ዓሣን በአንድ እጅ ይዞ፣ በሌላው ስልክ እያነሡ፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ይህን ሁሉ መፈጸም ቀላል አይደለም። ፎቶው ሳይነሣ ዓሣው ከሰሌዳው ዘልሎ ካመለጠ አልተያዘም ማለት ነው። በስፖርቱ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር የለም ይባላል፤ ለማመንም አያስቸግርም።

ልምድ ያለው አስጋሪ አስቀድሞ ሰሌዳውን በውኃ ያረጥባል። በፀሐይ የጋለ ገበታ የዓሣውን ቆዳ የሚሸፍነውንና ከበሽታ የሚጠብቀውን ለጋማ ልባስ ይልጠዋልና። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ዓሣው ወዲያው ይለቀቃል፤ ምስሉም ተርኒኤክስ በመሰለ የስልክ መተግበሪያ ወደ ዳኞች ይላካል። ተወዳዳሪዎች ቀኑን ሙሉ የደረጃ ሰንጠረዡን በስልካቸው ሊከታተሉ ይችላሉ። በብዙ ውድድሮች ግን የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ሲቃረቡ ሰንጠረዡ ይዘጋና ማን እንደሚመራ ማንም ሳያውቅ ወደ ዳርቻ ይመለሳል።

ውጤቱ የሚሠራው በአምስቱ ረጃጅም ዓሣዎች ድምር ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው በበጋ ውድድር 17.25፣ 16.5፣ 15.75፣ 15 እና 14.25 ኢንች የሚረዝሙ አምስት ዓሣዎች ቢይዝ ድምሩ 78.75 ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። ስድስተኛው ዓሣ 16 ኢንች ቢሆን አጭሩን ይተካና ድምሩ ወደ 80.5 ከፍ ይላል። ስድስተኛው 14 ኢንች ቢሆን ግን ምንም አይጨምርለትም። አምስቱን ከሞላ በኋላ ተወዳዳሪው የሚገጥመው ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ትንንሾች ያሉበትን ስፍራ ትቶ አንድ ትልቅ ወደሚያገኝበት፣ ምናልባትም ባዶ እጁን ወደሚቀርበት ስፍራ መቅዘፍ አለበት። የፈጣን ጀልባ ባለቤት ተሳስቶ ቢሄድ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ካያክ የያዘው ግን የተሳሳተ ምርጫው ግማሽ ቀኑን ሊበላበት ይችላል።

ማጭበርበርና ዳኝነት

ገንዘብና ክብር ባለበት ማታለል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በኢሪ ሐይቅ ላይ በተካሄደ የሌላ ዓሣ ውድድር ሁለት ሰዎች በዓሣዎቻቸው ሆድ ውስጥ የእርሳስ ክብደቶችን ጨምረው ተገኙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በቀጣዩ ዓመት ጥፋታቸውን አምነው የ10 ቀን እስራት ተፈረደባቸው፤ ለወንጀሉ የተጠቀሙበት ጀልባም ተወረሰ። በርዝመት በሚዳኝ ውድድር ውስጥ እርሳስ ዋጋ የለውም፤ ዓሣን በክብደት ማታለል ይቻል ይሆናል፣ ማስረዘም ግን አይቻልም።

የፎቶግራፍ ዳኝነት የራሱ ቀዳዳዎች አሉት። አንዱን ዓሣ ሁለት ጊዜ አንሥቶ እንደ ሁለት ማቅረብ፣ ከውድድሩ በፊት ተይዞ የተደበቀ ዓሣን መጠቀም፣ ወይም ከተከለከለ ውኃ ማስገር ይሞከራል። ዳኞች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ በባሱ ጎን ላይ ያለውን ጥቁር ሽንትር ማነጻጸር ነው። የጠቃጠቆዎቹ አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከዓሣ ዓሣ ይለያያል፤ ስለዚህ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን አድርጎ የሚመረምር ዳኛ ድግግሞሹን ይደርስበታል። ትልቅ ሽልማት ባለባቸው ውድድሮች ላይ አሸናፊዎች የሐሰት መመርመሪያ መሣሪያ ፊት እንዲቀርቡ የሚያስገድድ ደንብም የተለመደ ነው። በአነስተኛ ክለቦች ግን ዳኛው ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚያገለግል የክለቡ አባል ነው፤ ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ እርሱ በመቶ የሚቆጠሩ የዓሣ ጅራቶችን እያጎላ ሩብ ኢንች ሲለካ ያመሻል።

ዘመኑና ወንዙ

የክለብ የውድድር ዘመን በተለያዩ ውኃዎች ላይ በሚካሄዱ በርካታ ውድድሮች የተዋቀረ ነው። በብዙ ክለቦች አንደኛ የወጣው 100 ነጥብ፣ ሁለተኛው 99 እያለ ይወርዳል። በዓመቱ መጨረሻ የእያንዳንዱ ሰው የተሻሉ ውጤቶች ብቻ ተደምረው «የዓመቱ አስጋሪ» ይመረጣል። አንድ ቀን ዕድል የቀናው ሰው አንድ ውድድር ሊያሸንፍ ይችላል፤ በዓመቱ ሰንጠረዥ አናት ላይ የሚገኘው ግን በየወሩ የሚለዋወጠውን የዓሣ ጠባይ የሚያውቅ ነው።

በማርች ውኃው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ባሱ ከክረምት ማደሪያው ወጥቶ ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ መጠጋት ይጀምራል። የውኃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ወንዱ በጅራቱ ደለሉን ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፣ ሴቷ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያም ወንዱ ጎጆውንና ጫጩቶቹን ይጠብቃል። በበጋ የሃይድሪላው ሣር እስከ ውኃው ወለል ያድግና እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ያን ጊዜ አስጋሪው ከጎማ የተሠራች እንቁራሪት በሣሩ ላይ እያዘለለ ከሥር ያደፈጠውን ያማልላል። በመኸር ባሱ ትንንሽ ዓሣዎችን ተከትሎ ወደ ገባር ወንዞች ይገባል። በሜሪላንድ በኩል ማታዎማን፣ በቨርጂኒያ በኩል አክዊያና ኦኮኳን በባስ አስጋሪዎች ዘንድ ስማቸው የታወቀ ገባሮች ናቸው።

ፖቶማክን ከሐይቅ የሚለየው ትልቁ ነገር የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ያሉ አንባቢያን በዐረብኛ መድና ጀዝር ሲባል የሚሰሙት ማለት ነው። ወንዙ ከባሕር ሰርጡ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ውኃው ጨው አልባ በሆነበት በዋሽንግተን አጠገብ እንኳ በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ሜትር ለሚጠጋ ከፍታ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ውኃው ሲጎድል ከሣሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ዓሣዎች ወደ ቦዩ አፍ ይገፋሉ፤ ባሱም እዚያ አድፍጦ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ከመተኛቱ በፊት የሙላቱን ሰዓት ማጥናት አለበት። ይህን የረሳ ሰው በጠዋቱ የቀዘፈበት ቦይ በቀትር ጭቃ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ካያኩን እየጎተተ ሲወጣ የሚያዩት ባልንጀሮቹ ለዓመታት ያነሡበታል።

የፀደዩ ውድድር ግን አንድ ያልተቋጨ ክርክር ይዞ ይመጣል። ጎጆውን የሚጠብቀው ወንድ ባስ ማንኛውንም ወደ ጎጆው የቀረበ ነገር ያጠቃልና በቀላሉ ይያዛል። ለጥቂት ደቂቃዎች እንኳ ከጎጆው ሲነሣ ሌሎች ትንንሽ ዓሣዎች እንቁላሉን ይበሉታል። ተመራማሪዎች ይህን በተደጋጋሚ ተመልክተዋል። የሜሪላንድ ግዛት በባሕር ሙላት ክልል ባሉ ውኃዎች ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ሊወሰድ የሚችለውን ባስ ዝቅተኛ ርዝመት ከ12 ወደ 15 ኢንች ከፍ የሚያደርግ ደንብ አውጥቶ ተግባራዊ አድርጓል። ደንቡ ዓሣውን ከመገደል ያድነው ይሆናል፤ ጎጆውን ግን ከመፈታት አያድነውም። የካያክ ተወዳዳሪዎች ዓሣው በዚያው ስፍራ፣ በደቂቃ ውስጥ ስለሚለቀቅ ወደ ጎጆው ይመለሳል ብለው ይከራከራሉ። ከሚዛን ውድድር ጋር ሲነጻጸር ክርክራቸው ውኃ ያነሣል። ያም ሆኖ ዓሣው በዓይን እየታየ በጎጆው ላይ ሳለ ማስገርን በፈቃዳቸው የተዉ አስጋሪዎች የመረጡት መንገድ የበለጠ ቀና ሆኖ ይታየናል።

ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው

ጀማሪ ሁሉ ስለ ዘንግና ስለ ማባበያ ይጠይቃል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ስለ መንሳፈፊያ ጃኬት ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ የሚያወጣው የአደጋ መረጃ እንደሚያሳየው፣ በጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱትና የጃኬታቸው ሁኔታ ከታወቀው ሰዎች መካከል ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ጃኬት አላደረጉም ነበር። በካያክ ውድድሮች ጃኬቱን በውኃ ላይ ማውለቅ ከውድድር የሚያሰርዝ ጥፋት ነው፤ ዓሣው የፈለገውን ያህል ቢረዝምም ይቅርታ የለውም።

በማርች ፀሐዩ ሊሞቅ፣ ውኃው ግን ገና ሊቀዘቅዝ ይችላል። ብዙዎችን የሚገድለውም ይህ ልዩነት ነው። የነፍስ አድን ባለሙያዎች ሦስት ቁጥሮችን ያስተምራሉ፤ አንድ፣ አሥር፣ አንድ። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሹ ከቁጥጥሩ ውጭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ራሱን ከውኃው በላይ ማቆየት አለበት። ቀጥሎ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ከቅዝቃዜው የተነሣ ራሱን እስኪስት ድረስ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አለው። ጃኬት የሌለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ደቂቃ አያልፍም። ከዋሽንግተን በታች ወንዙ በጣም ስለሚሰፋ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ለካያክ ያስቸግራል፤ ትልልቅ ጀልባዎችም ከውኃው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ የተቀመጠን ሰው በቀላሉ አያዩትም። ስለዚህ ከፍ ያለ ባንዲራና ነጭ መብራት ይተከላል። ነፋሱ ሲበረታ ውድድሩን የሚሰርዝ የክለብ ኃላፊ ሁልጊዜ ይነቀፋል፤ ከሩቅ ነድተው የመጡ አባላት ያጉረመርማሉ። ሥራው ግን ይኸው ነው።

ወጪውን በተመለከተ ካያክ የድሃው ሰው ጀልባ ነው የሚለው አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። ለባስ ውድድር የተሠራ ሞተር ጀልባ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲያወጣ፣ ያገለገለ የመቅዘፊያ ካያክ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ይሁን እንጂ ሆቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 በእግር የሚረገጥ መንቀሳቀሻ ካስተዋወቀ ወዲህ ፉክክሩ ወደ መሣሪያው ዞሯል። ዛሬ በፊት መሥመር ያሉት ተወዳዳሪዎች ፔዳል፣ የኤሌክትሪክ ሞተርና ዓሣውን ሲንቀሳቀስ በስክሪን የሚያሳይ የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ጭነዋል፤ ይህ ሁሉ ሲደመር ያገለገለ መኪና ይገዛል። ለዚህም ነው አንዳንድ ውድድሮች በሞተርና ያለ ሞተር የሚወዳደሩትን የሚለያዩት። በመቅዘፊያ ብቻ መጥቶ የሚያሸንፍ ሰው ዛሬም አለ። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ሞተር በማይገባባቸው ጠባብና ሣር በበዛባቸው ቦዮች ነው።

በአካባቢው ለሚኖሩ ወይም ዘመድ ሊጠይቁ ለሚሄዱ አንባቢያን ስለ ፈቃድ አንድ ነገር እናክል። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1632 በሰጡት ቻርተር መነሻነት የፖቶማክ ወንዝ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው፤ ዋሽንግተን ከተማ ግን በወሰኗ ውስጥ የራሷን የማስገር ፈቃድ ትጠይቃለች። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በዋናው ወንዝ ላይ አንዳቸው የሌላውን ፈቃድ ይቀበላሉ፤ ወደ ገባሮቹ ሲገባ ግን ነገሩ ይለያያል። ለፈቃድ የሚከፈለው ገንዘብ፣ እንዲሁም ከ1950 ጀምሮ በማስገሪያ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው የፌዴራል ቀረጥ ለዓሣ ሀብት ጥበቃ ይውላል። በባሕረ ሰላጤውም ቢሆን ለመዝናናት ማስገር ነጻ ነው ብሎ መገመት አያዋጣም። አቡ ዳቢን በመሳሰሉ ስፍራዎች ፈቃድ ግዴታ ስለሆነ ዘንግ ከመግዛት በፊት የአካባቢውን ባለሥልጣን መጠየቅ ይገባል።

በዋሽንግተን አካባቢ የተያዘን ዓሣ መብላትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወንዙ ቢጠራም የቀድሞው ዘመን ኬሚካሎች በደለሉ ውስጥ ስለቀሩ የጤና ባለሥልጣናት የትኛው ዓሣ ጨርሶ እንደማይበላ፣ የትኛውም በምን ያህል ጊዜ አንዴ እንደሚበላ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ያሉባቸው ቤተሰቦች ይህን ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ ከከተማው ዳርቻ የተያዘ ዓሣ ወደ ቤት ባያስገቡ ይመረጣል።

የባስ ተወዳዳሪ አልፎ አልፎ በመንጠቆው ላይ ሌላ ነገር ያገኛል። እባብ ራስ የሚባለው፣ ከእስያ የመጣውና አየር መተንፈስ የሚችለው ዓሣ በፖቶማክ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። በሕይወት ይዞ ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ የግዛቶቹ ባለሥልጣናት የያዘው ሰው እንዲገድለው ያበረታታሉ። ስለዚህ በዚያ ቀን በሙሉ በጥንቃቄ ሲያርጥብ፣ ሲለካና ሲለቅ የዋለው ሰው፣ ለዚህ አንድ እንግዳ ግን በረዶ የተሞላ ሣጥን ይዞ ይወጣል። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፤ ከውድድሩ በኋላ በዳርቻው ጥብስ ሲሸት የሚጠበሰው ምናልባት እርሱ ሊሆን ይችላል።